ሁለተኛው ቁልፍ

የካቲት 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

የምወድሽ ልጄ፣

እኛ ደህና ነን። ከመኪናዋ ቁልፍ በቀር የጠፋብን ነገር የለም፤ እሱም ተገኝቷል። አንቺ ስለ ብርዱ ባማረርሽ ቁጥር እናትሽ ልቧ አያርፍም። እኔ ግን ልጄ ካልሲ መግዛት አያቅታትም እያልኩ አጽናናታለሁ። ፊደሎቼ ትልልቅ ከሆኑብሽ እስክሪብቶው ወፍራም ስለሆነ ነው። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እናትሽ ወሬው መሐል ላይ ሲደርስ ስልኩን ትቀማኛለች። ይሄኛውን ደግሞ ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የብረት በር ወደ መንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፣ ታውቂው የለ። አንድ እሑድ ማለዳ ከግቢ ስወጣ ነካሁት። እኔ ነካሁት እላለሁ፤ እሱ ገጨኸው ይላል። ሜትር በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለሚውል ሁሉን ነገር መለካት ይወዳል። እናትሽ ወጥታ በሩን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትል ገባች። እናትሽ ዝም ስትል ነገር እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ።

በማግስቱ ቁልፉ ጠፋ።

ይቺ መኪና እንደ ድሮዎቹ ብረት አስገብተሽ የምታዞሪያት አይደለችም። ቁልፏ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ኪስሽ ውስጥ ካለ በሩን ስትነኪው ይከፈታል፣ ሞተሩንም በጣትሽ ተጭነሽ ታስነሺዋለሽ። ከሌለ ግን መኪናዋ ማንንም አታውቅም። እናም ቤቱን ገለበጥኩት። የኮቴን ኪስ፣ የሶፋውን ሥር፣ የጫማ ሳጥኖቹን፣ ፍሪጁን ሳይቀር ፈተሽኩ። እናትሽም 'የት ጣልከው አንተ ሰው?' እያለች አብራኝ ፈለገች። ፍራሽ ለብቻዋ ስታነሳ አሳዘነችኝና 'ተይው፣ ወገብሽን' አልኳት።

ሲቸግረኝ ሽቦን ጠራኋት። ሽቦ የሚሏት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያላትን ቀጭኗን የቁልፍ ባለሙያ ነው። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በልምምዷ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱን የአበባ ማስቀመጫ ስለደረመሰችው እስከ ዛሬ እሷን ሳይ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ሽቦ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት።

'ጋሼ፣ ቀፎው የትም ይገኛል' አለችኝ። 'ሥራው ማስተዋወቁ ላይ ነው። ውስጡ ያለችውን ቺፕ መኪናዋ ካላወቀቻት ቁልፉ አሻንጉሊት ነው። የድሮው ካለ አዲሱን ወዲያው እጨምረዋለሁ። ሁሉም ከጠፋ ግን መኪናዋ የምታውቃቸውን በሙሉ እንድትረሳ አድርጌ ነው አዲሱን የማስተምራት።'

'የጠፋው በኋላ ቢገኝስ?'

'አታውቀውም። ደጇ ቆሞ ቢለምናትም አትከፍትለትም።'

ጉድ ነው ብዬ ሳልጨርስ እናትሽ ሻይ በትሪ ይዛ ብቅ አለች። ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ ጉልበቴን አሞኛል እያለች ወደ ግቢው ወጥታ አታውቅም ነበር። ነገር ግን እንግዳ ቆሞ እሷ መቀመጥ አይሆንላትም። ደረጃውን ወርዳ ወደ እኛ ስትጠጋ መኪናዋ ብልጭ አለች። ታጥፈው የቆዩት የጎን መስታወቶቿም ዝዝዝ እያሉ ተዘረጉ። ይህን የምታደርገው ደግሞ ቁልፏ ሲቀርባት ብቻ ነው።

ሽቦ መስታወቶቹን አየች፣ የእናትሽን ሽርጥ አየች፣ ከዚያ ደመና እንደሚቆጥር ሰው ሽቅብ ማየት ጀመረች። ቤቱን አንድ በአንድ ስለፈተሽኩት ለካ ከሽርጧ ኪስ በቀር መደበቂያ አልቀረላትም። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ተዋናይ ማግባቴን አላውቅም ነበር።

አልዋሽሽም፣ ደሜ ፈላ። የከተማውን ግማሽ መንዳት ያስተማርኩ ሰው እንደ ሕፃን ቁልፍ ይደበቅብኝ? አፌን ልከፍት ስል ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ሲንኳኩ ሰማሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናትሽ እኔን ፈርታ አታውቅም፤ ስለዚህ የፈራችው ለእኔ እንደሆነ ገባኝ። የልብስ ሰፊው በርም ትዝ አለኝ። በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት እዚያ በር ላይ ልጆች ተሰልፈው የትምህርት ቤት መኪና ይጠብቃሉ። ያን ቀን እሑድ ሆኖ ነው ልጆቹ ያልነበሩት።

ቁጣዬን ዋጥኩት።

'ሽቦዬ፣ የድሮው ካለ መጨመር ቀላል ነው አላልሽም?'

'ካለማ ምን ችግር አለው ጋሼ።'

እናትሽ ትሪውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችና እጇን ሽርጧ ኪስ ከተተች። ቁልፉን ከስኳሩ ጎን አኖረችው።

'ተገኘ እንዴ?' አልኳት።

'ተገኘ' አለች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ።

ሽቦ ሻይዋን አንስታ ፉት አለችና 'የዘንድሮ ቁልፍ እንዲህ ነው፤ ሻይ ሲሸተው ይወጣል' አለች። መጀመሪያ የሳቀችው እናትሽ ናት። እኔ ተከተልኩ። ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ምን ተገኘ ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሳቅን።

'እንግዲህ አንድ ጨምሪልን' አልኩ።

'ለማን ነው?'

'ሻይ ላመጣችው።'

እናትሽ ዘወር ብላ አየችኝ። 'እኔ የት አገር ነው መኪና የነዳሁት?'

'አልነዳሽም። የሰው ልጅ ሁሉ ሳስተምር አንቺን ዘልዬሽ ኖሬአለሁ። ከነገ ጀምሮ ትማሪያለሽ።'

'በዚህ ዕድሜዬ?'

'ሽቦ ካለፈች ማንም ያልፋል' አልኳት። ሽቦም አልተቀየመችም።

ከዚያ ሽቦ መሪው ሥር ገመድ ሰካች። እንደ ታብሌት ያለ መሣሪያዋን እየነካካች አሮጌውን ቁልፍ አስጠጋች፣ አዲሱንም አስጠጋች፤ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ አለች። 'በቃ፣ ተዋውቀዋል' አለችን። እናትሽ አዲሱን ቁልፍ ተቀብላ ትቆልፍ ትከፍት፣ የኋላ በሩን ታነሳ ትዘጋ ጀመር። 'እትዬ፣ ባትሪውን ዛሬውኑ ጨረሱት እኮ' አለቻት ሽቦ። 'ደግሞ ሽርጥዎን ሲያጥቡ አደራ፣ ውሃ አይወድም።'

ልምምዱን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ጀመርን። ሜዳው ድረስ የምታደርሰን ሽቦ ናት፣ ሱቋን ስትዘጋ። እኔ እንዳልነዳ ማን እንደወሰነ አልጠየቅሁም፤ ማንም አልነገረኝም። እናትሽ ቃል አስገብታኛለች፤ ከጮህኩባት ወርጄ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አብዛኛውን ከዛፍ ሥር ሆኜ ነው ያስተማርኳት። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቀች፤ ለአንዲት ዶሮ ቆማ መንገዱን ዘጋችው፣ ዶሮዋ ደግሞ መሻገር አልፈለገችም። በሁለተኛው አለፈች። ፈታኙ 'የማን ተማሪ ነዎት?' ቢላት 'የሚጮህብኝ ሰው አለ፣ የእሱ' አለችው።

አሁን ገበያ ትሄዳለች፣ አክስትሽን ትጠይቃለች። መኪና ማቆም ለመለማመድ ደግሞ የዓይን ሐኪም ቤቱ ግቢ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ከደረስን አይቀር ብዬ እኔም ገባሁ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለውን አስነበበኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጥሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለልምምዱ ስንል ደጋግመን ሄደናል። እናትሽ ማቆሙን ጥሩ አድርጋ ለምዳዋለች።

ባለፈው ከዚያ ስንመለስ አደባባዩ ጋ ደረስንና 'እዚህ ቁም የሚል ምልክት አለ፣ ቁሚ' አልኳት። የከተማውን ምልክት ሁሉ በቃሌ ነው የማውቀው። እሷ ግን ቀስ ብላ አለፈች።

'ምልክቱን አንስተውታል' አለችኝ። 'አሁን መብራት ነው። አረንጓዴ በርቶልኛል።'

'መቼ አነሱት?'

'ቆይቷል።'

አንገቴን አዙሬ ወደ አደባባዩ አየሁ። ትንሽ እንደሄድን 'ምነው ዝም አልክ?' አለች።

'ከዚህ በኋላ ምን ላድርግልሽ ብዬ ነው።'

'አውራኝ' አለች። 'መንገዱን እኔ አያለሁ፤ አንተ አውራኝ። ስታወራ እጄ አይንቀጠቀጥም።'

እኔም አወራሁ። ማውራት ደግሞ እንደማያቅተኝ ታውቂያለሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልነገርኳት ታሪክ የቀረ አይመስለኝም። የጨረስኩ ሲመስለኝ ረጅሙን መንገድ ይዛ ትዞራለች፤ እንደገና እጀምራለሁ።

የምትመጪበትን ቀን እናትሽ ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ አክብባበታለች። አየር ማረፊያ ሁለታችንም እንመጣለን። የምትነዳው እሷ ናት፤ እንዳትደነግጪ። ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፤ ስለዚህ አንቺ የዓመቱን ወሬ ሁሉ ለመጨረስ ጊዜ ይኖርሻል። ሽቦም ሰላም ብላሻለች። ለአንቺም ሦስተኛ ቁልፍ እንጨምር ወይ ብላ ጠይቃለች፤ እናትሽ ገና ሳልመልስ አዎን አለች።

ዳገቱን ሜዳ ያድርግልሽ። ጎማሽን ከእሾህ፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቅልሽ። የሄድሽበት ሁሉ የሚጠብቅሽ ሰው አይጣ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልሽ። ከበሩ ስትወጪ በሩቁ እጅሽን አታውለብልቢልኝ፤ እዚያ ሰው ይበዛል። 'አባዬ' ብለሽ ጥሪኝ። ድምፅሽን ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ።

አባትሽ