በርጩማሽ ላይ ተቀምጬ

ሐረር፣ ጀጎል
ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለሮማነወርቅ፤

እንደምን ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ወንድምሽ እንደሻውስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሽሮዬ ግን ዛሬም አሯል።

ስትሄጂ «ሰው ሲነግርህ የሰማህ ዕለት እመለሳለሁ» ብለሽኝ ነበር። እንግዲያው አንድ የሚገርም ነገር ላጫውትሽ።

የጎረቤታችን የእማማ ዘይነባ ልጅ ከድር ከሐጅ ተመለሰና እንኳን ደህና መጣህ ልለው ሄድኩ። ቤታቸውን ታውቂዋለሽ፤ በቀይ አፈር የተለቀለቀው መደብ ደረጃ ደረጃ ነው። እኔ አስተማሪው ጫማዬን አውልቄ፣ ማንም ሳይጋብዘኝ ላይኛው ላይ ወጥቼ ተደላደልኩ።

«አባይነህ ልጄ» አሉኝ እማማ ዘይነባ፣ «ያ የአባወራው ቦታ ነው። ምንጣፉን ያነጠፍነውም ለከድር ነው። ውረድ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ጆሮዬ ጋለ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ጫማዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ነበር። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ማወቅ አማረኝና «ታዲያ የኔ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ወላሂ፣ ስንቱ ወጥቶብናል፤ የጠየቀ ግን አንተን አየሁ!» ብለው የሽማግሌውን፣ የዘመዱን፣ የወጣቱን እያሉ አንድ በአንድ አሳዩኝ። እኔም ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጨዋታው እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

ቤቴ ስገባ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። የኛስ ቤት? ባለመደገፊያው ወንበር የኔ፣ መስኮቱ ፊት ያለው በርጩማ ያንቺ። ማን ደለደለው? እስቲ ልየው ብዬ በርጩማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው ሆኜ ነው።

ሮማኔ፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ዐይን ውስጥ ነው ለካ የምትገባው! ነግረሽኝ ነበር እኮ። «ዐይኔን እያመመኝ ነው፣ ቦታውን እንለውጠው» ስትዪኝ «ደግሞ የመቀመጫ ቦታ ካንቺ ልማር?» ብዬ ሳቅሁ። አሁን አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፈው። በጣም አፍሬያለሁ፤ ናፍቀሽኛልም።

በርጩማውን ላዛውረው ብድግ አልኩና ተውኩት። የት ቢሆን እንደሚሻል የምታውቂው አንቺ ነሽ። መጥተሽ ንገሪኝ።

የደጃችን መድኃኔዓለም መንገድሽን ያቅናልኝ፤ ዐይንሽንም ይጠብቅልኝ።

ባልሽ አባይነህ