አባባ ብቻውን አልቆመም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዘሩ ባንቴ፤

ሰላምታዬ ካንተ ይጀምርና ቤትህን በሙሉ ዞሮ ይመለስልኝ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? ክረምቱ ሳይጠና ሐኪም እንድታይ ብዬህ ነበር፤ አየህ ወይስ እንደ ልማድህ «ነገ» አልክ? ፅዮናዊትስ ስኳሯ ረጋላት? እስከዳር ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ጀምሮናል፤ መብራት ሲጠፋ ነጠላዬን በውሃ ነክሬ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ደጅ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ያማርራል፤ ዓይኔ ግን ገና ያነባል። እንኳን ለሰኔ ጾም በሰላም አደረሳችሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ አንተና ልጅህ በእምነት አንድ ላይ ትናገራላችሁ፤ እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ መስመሩ ይቋረጣል። ይህ ጉዳይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሰማት አለበት። በእምነት የፊታችን እሑድ በኢንተርኔት በሚያደርገው የቀጥታ ስርጭት ላይ ከጅቡቲ ሆኜ እንድናገርለት ለምኖኛል። «እትዬ ፀዳል፣ አንቺ እዚያው የተወለድሽ ትልቅ ሰው ነሽ። አያቴ ባቡሩን እንዴት እንዳገለገለ፣ ባሕሩ የእኛ መሆኑን አንቺ ስትናገሪ ሰው ያምናል» አለኝ። አንተም ከኋላው «እሺ በይው እንጂ!» ስትል ሰምቼሃለሁ። አስቤ ልመልስ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።

ያለፈውን ቪዲዮ የተማሪ ወረቀት እንደሚያርም ሰው ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ድምፁ ያምራል፤ አነጋገሩ ቁርጥ አባባን ነው። አባባ ጣቢያው ላይ ባቡር ፊት የቆመበትን ፎቶ ሲያሳይ ግን ደነገጥኩ። እኔ ሳሎን የተሰቀለው፣ አንተም ዘንድ ግልባጩ ያለው ፎቶ ነው። አባባ እኮ እዚያ ላይ ብቻውን አልቆመም። በስተግራው ትከሻውን አቅፎት የቆመው ዘይድ ነው፤ የዚህ አገር ሰው፣ ከአባባ ጋር በአንድ ባቡር ላይ ሲሠራ ያረጀ። በእምነት ዘይድን ቆርጦ አውጥቶታል። አባባ ትከሻ ላይ የቀሩት የዘይድ ጣቶች ብቻ ናቸው። አንተ ልብ ያልከው አይመስለኝም፤ ብታየው ዝም አትልም ነበር።

የዘይድን ልጅ ዓብዱልጀሊልን ታውቀዋለህ፤ ሱቁ አሁንም ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ ፍየል ከነነፍሷ ይልክልኛል፤ በእኛ ሰው እጅ ታርዳ እንድንበላት። እኛም በፋሲካ ለእነሱ እንዲሁ እናደርጋለን፤ አባቶቻችን የጀመሩት ነው። ዘንድሮ አረፋ ዓርብ ዋለ፤ ፍየል አልመጣችም። ቅዳሜም አልመጣች። ዓብዱልጀሊል ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ወደ ውስጥ ይገባል። የእኛ ሾፌሮች ቪዲዮውን በየሻይ ቤቱ ሲያዩት ሰንብተዋልና፣ አባቱን ቆርጠን መጣላችንን አይቷል ብዬ በኀፍረት አለቅሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀጥ ብዬ ሱቁ ገባሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «ማዳም ፀዳል፣ ስለዚያ ልጅ ይቅር በይኝ። በምን ዓይኔ ፍየል ይዤ ልምጣ!» አለ። የቱ ልጅ ብለው፣ ለካስ የልጅ ልጁ ሳቢት «ሐበሾች ከሰፈራችን ይውጡ» የሚል ቪዲዮ አውጥቶ ኖሯል። እኔ የሳቢትን አላየሁም፤ እሱም የበእምነትን አላየም። እኔ በወንድሜ ልጅ፣ እሱ በልጅ ልጁ አፍረን ስንሸሻሽ ሰነበትን። የአባቱን ፎቶ ነገር ስነግረው «አባቴ በሕይወት ሳለም ፎቶ አይወድም ነበር፤ ልጃችሁ ገላገለው» ብሎ አሳቀኝ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ፤ ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን ምንም ሳይጭንበት ሲያስተካክል ቆየ። ፍየሏ በማግስቱ መጣች፤ ልክ ጾሙ በገባበት ቀን! ይኸው እስከ ሐምሌ ግቢዬ ታስራ የሰፈሩን ካርቶን ልትጨርስ ነው።

ዘሩዬ፣ በእምነትን አልኮንነውም። ምህንድስና ተምሮ ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠና አውቃለሁ። ሳስተምር ከኋላ ወንበር የሚጮኸውን ልጅ ቀርቤ ሳየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምንም ጠይቆት የማያውቅ ልጅ ሆኖ አገኘው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ሰው ሲያዳምጠው ጣፈጠው። ሳቢትም ወደብ ሥር ተወልዶ ወደቡ ውስጥ ሥራ አጥቷል። ቴሌቪዥን ስከፍት ዓለሙ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀሩ «መጀመሪያ እኛ» እያሉ በር ይዘጋሉ፣ በዕቃው ላይ ቀረጥ ይቆልላሉ፣ ለችግራቸው ሁሉ በመጤው ላይ ጣት ይቀስራሉ። ሕዝቡን የሚያንገበግበው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ኑሮ ከብዷል። ይህን የሚያህል ሕዝብ ያለው አገር ስለ ባሕር ማሰቡም ተራ ነገር አይደለም፤ ይጠየቅ፣ ይመከርበት። ግን ጎረቤትን ከፎቶ ቆርጦ የሚጀመር ጥያቄ ወዴት ያደርሳል?

ዳፋው ደግሞ ለተናጋሪው አይተርፍም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጌቾ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ሳምንት ጭነት ሊያነሳ ተራ ሲጠብቅ ጎረምሶች «ባሕራችሁን ተሸክማችሁ ሂዱ!» እያሉ ድንጋይ ወረወሩበት። የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ቅንድቡም ተሰፋ። ደሙን አጥቦ ሐኪም ዘንድ ያደረሰው የዚሁ አገር ወዛደር ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያወራ ሰው ዋሽቷል እላለሁ።

ስለዚህ እሑድ አልናገርም። በእምነት «እንግዲያው ከእነሱ ጋር ነሽ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አንተም ትቀየመኝ ይሆናል። ከእናንተ ሌላ ዘመድ የለኝምና ይህን መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። ግን የምኖረው እነሱ መካከል ነው። ታምሜ ብወድቅ ቀድሞ የሚደርስልኝ ዓብዱልጀሊል ነው፤ በእሱ ላይ ምስክር ሆኜ አልቆምም።

ይልቅ ልጁን ላክልኝ። ጌቾ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል፤ ጋቢናው ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ጠይቄው «ደስ ይለኛል፣ እትዬ» ብሏል። ቪዛ በኢንተርኔት ይወጣል፤ በእምነት ኢንተርኔቱን ለዚህም ይጠቀምበት። ሾፌሮቹ የሚበሉትን ይብላ፣ የሚተኙበት ይተኛ። ዓብዱልጀሊልም ሳቢትን ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል። አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን ምሳ እናበላቸዋለን፤ ከዚያ በኋላም መጮህ ካማራቸው ፊት ለፊት እየተያዩ ይጩሁ።

ጌቾን በባዶ ሆዱ እንዳትሸኘው፤ ጿሚ ነው። ፅዮናዊትን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትዘነጋ። እስከዳርን «አክስትሽ ውጤትሽን ትጠብቃለች» በልልኝ። የጎረቤታችሁን የእማማ ወርቅነሽን ጉልበት ሳምልኝ። በእምነትን ግን ተቆጥታለች እንዳትሉት። እሑድ ስልኬን ከፍቼ የሚለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ባይሰማኝም ልጄ ነው።

እህትህ ፀዳል ባንቴ
ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.