ለዲንቄ ያልደረሳት ግሥ

አባዬ፣

ከተለየኸን እሑድ ዓመት ይሞላል። ሰው ለሞተ አባቱ ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔ አልናፈቅሁህም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ቤቱ ደህና ነው። እንዳይነካ ትል የነበረውን የጓሮ ባሕር ዛፍ አስቆርጬዋለሁ። የአንተ ክፍል ውስጥ አሁን ዲንቄ ትተኛለች። አዎ፣ ልጅህ ዲንቄ። ያለ ፈቃድህ ኦርቶዶክስ ነጋዴ አገባች ብለህ ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ያሳገድካት፣ ከቤት ያስወጣሃት፣ አርጆ ላይ ልጆች ስታሳድግ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅካት።

የመጽሐፍ ቅዱስ ግሪክኛ መምህር ነበርክ። ነቀምቴ ያለ ወንጌላዊ ሁሉ በእጅህ አልፏል፤ ሁሉም የሚያነሱት ደግሞ አንድ ትምህርትህን ነው፣ በጌታ ጸሎት ውስጥ ያለውን የይቅርታ ግሥ፣ «አፌካሜን»። ሰሌዳው ላይ ትጽፈውና ትፈታዋለህ። ሥሩ የያዙትን መልቀቅ፣ መተው ነው፤ «የእኛው ዲሱ ነው» ትላቸዋለህ፣ በኦሮምኛው። ከዚያ ወደ ጊዜው ትሄዳለህ። በአማርኛ «ይቅር እንደምንል» እያልን እንደግመዋለን፤ ግሪኩ ግን ያለቀለት ድርጊት ነው፣ «ይቅር እንዳልን»። «ጨርሰህ ና! ሳትጨርስ አፍህን እንዳትከፍት!» እያልክ ጠረጴዛውን ትደበድባለህ። የተኳረፉ ተማሪዎችን እዚያው አስነስተህ ታስታርቃለህ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከመጣሁም በኋላ ከኋላ ተቀምጬ እሰማህ ነበር። እንዳንተ ያለ አስተማሪ አላየሁም። የማልምርህም ለዚህ ነው። አላዋቂ ብትሆን ኖሮ እተውህ ነበር።

ታመህ ስትተኛ ዲንቄ ከአርጆ መጣች። አልጋህ አጠገብ ቆማ «አባ፣ እኔ ነኝ» አለችህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ውሃ ብትሰጥህ አፍህን ገጠምክ። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ እኔ ስሰጥህ ጠጣህ። ያ መጠጣትህ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ቀብርህ ላይ፣ ሳጥኑ ገመዱ ላይ ሳለ፣ እንደ ልማዳችን ሽማግሌው ተነሥተው «ያስቀየማችሁ ነገር ካለ እዚሁ ይቅር በሉት» አሉ። ሕዝቡ «ይቅር ብለናል» አለ። ሽማግሌው ወደ ዲንቄ ጠጋ አሉ።

«አንቺስ ልጄ? ሰው ቆሟል፣ ዝናብም መጣ» አሏት።

«ዝናቡን እኔ አላመጣሁትም» አለች።

አክስታችን ክንዷን ቆንጥጣ «ማሎ ዲንቄ፣ አንድ ቃል ናት፣ በያትና እንሂድ!» ብላ ለመነቻት። ዲንቄ አፈሩን አፈሩን ታያለች። ታላቅ ወንድሟ ነኝና በእሷ ፈንታ እንድናገር ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ይቅርታ የጠየቃት የለም። አውርዱት» አልኩ። አወረዱህ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ መንገድ የሚቀይሩ አሉ።

ትናንት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቤት መጥተው ነበር። በሙት ዓመትህ ያንኑ ግሥ በአንተ ቦታ ቆሜ እንዳስተምር ይፈልጋሉ። ዲንቄ ግን አባቷን ሳትምር ስለቀበረች አስቀድማ ጉባኤው ፊት ንስሐ ትግባ አሉ። እሷ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሻይ ልድገማችሁ?» አለቻቸው። ጠጥተው ሄዱ። ንስሐ እንደማትገባ፣ እኔ ግን እንደማስተምር በሩ ላይ ነገርኳቸው።

ማታ ያሰብኩትን ስነግራት «የእኔን ስም እንዳታነሳ» አለችኝ። አላነሳም። የአንተን ብቻ እጠራለሁ። የግሡን ሥር፣ ጊዜውን፣ ባለቤቱን አንድም ሳልስት እንደ አንተ እጽፈዋለሁ፤ ቀጥዬም ይህን ሁሉ ያስተማረን ሰው የገዛ ልጁን ሳይምር ሞተ እላቸዋለሁ። ያዝናሉ፣ አንዳንዱም ተነሥቶ ይወጣል። ይውጣ። የሚያውቅህ ሰው ሲያልቅ አንድ ቀን ቅዱስ ያደርጉሃል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ግን አይሆንም። አልረሳህም፣ አባዬ። እንደነበርክ አድርጌ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ