ቀጭ የሚለው ማርሽ

እዮኤል፣

ቦምቤ ሄጃለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ሳይክልህን እንዳትነካው።

"ቀጭ የሚል ማርሽ ጆሮ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው" ብዬህ አልነበር? ያው ባለጆሮው የኳየር መሪ እኔ ትናንት በሳይክልህ ወደ ኦቶና ስወጣ ቀጩን አላመንኩትም። በአሮጌዋ ሳይክሌ እንደለመድኩት የማርሹን ማንሻ ትንሽ አሳልፌ ልመልሰው ስል ካቴናው ወለቀ። ዳገቱን እየገፋሁ ስወጣ ዘማሪዎቼ ከኋላ ደረሱብኝና "ወንድም አሮን፣ እናግዝህ?" አሉኝ።

እዚያ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር።

ቤት ገብቼ "በጆሮዬ ላስተካክለው" ብዬ የማርሹን ሽቦ ፈታሁት። አሁን ማንሻው ቀጭ ይላል፣ ካቴናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መፍቻህ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከእኔ ደብቀው።

የእጮኛህ የማክዳ አባት ዛሬ እንደሚጠብቁህ አውቃለሁ። የእኔን ሳይክል ውሰድ።

የእኔ ማንሻ ቀጭ አይልም። ፔዳሉን እየመታህ ቀስ አድርገህ ግፋው፤ ካቴናው ሲንጫጫ ትንሽ መልሰው። ዝም ሲል ልክ ገብቷል ማለት ነው።

ምነው የሳይክሉ ባለቤትም ዝም ማለትን ከካቴናው በተማረ!

አሮን