የእማዬ መደገፊያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ከጓሮው ወርክሾፕ ጩኸት በቀር ደህና ነን።

ለእማዬ ይዛው የምትራመድበት መደገፊያ ልሠራ ስል፣ የእህታችን ባል፣ ያ ምስማር በቅጡ መትቶ የማያውቅ፣ «ብረት ይከብዳታል፤ የአሉሚኒየም ቱቦ ይሻላል» አለኝ። «አሉሚኒየም ለድስት ነው!» ብዬ አፉን አስያዝኩት። በብረት ቱቦ በየድኩት፤ ዝሆን ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም።

እማዬ መርቃ ተቀበለችኝ። ከዚያ ፎጣ ማስጫ አደረገችውና ራሷ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። «ቀለሙ እንዳይላጥ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ድሮ ያን ብረት ጠፍሬ የምይዝበትን ከባድ ሞርሳዬን አንስታ ሥሩን ትጠርግ የነበረች ሴት!

ትናንት አሉሚኒየም ገዛሁ። ውርደታም፣ በእኔ ማሽን እንኳ አይበየድም፤ በብሎን እያጋጠምኩት ነው። አደራ፣ ለዚያ ሰውዬ እንዳይነግሩብኝ።

የዓመት ፈቃድዎን ወደዚህ ወር አምጥተው እማዬን ማየት ይቻል ይሆን? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

አክባሪዎ፣ ታናሽ ወንድምዎ