ካንቺ በኋላ የጋገርኩት ዳቦ

ለእኔዋ አስካለ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። የኮልፌን ብርድ ታውቂዋለሽ። ልጃችን ጽጌ «አባባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ካልሆነችኝ ለምን ትሆነኛለች?

ጣሪያው በጓዳ በኩል ያፈሳል። ከፊት ለፊታችን ፎቅ ጀምረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ማየት ቀረ። ጽጌ ደግሞ ቤቱን አከራይተን ቤቴል እኔ ጋ ትገባለህ ብላ ያዘችኝ። ከዚህ የምወጣው አንቺ በወጣሽበት መንገድ ነው አልኳት። ተናደደች። «ለራስህ ዳቦ እንኳ መጋገር ሳትችል» አለችኝ። ይቺ አቃጠለችኝ። ለቡሄ ነይና ቅመሺ፣ ዳቦ ካልሆነ ዕቃዬን እሸክፋለሁ አልኳት።

አፌ ቀደመኝ። ከሱቅ ሊጥ ማስነሻ ብዬ አንድ ፓኬት ነጭ ዱቄት ገዛሁ፤ የተጻፈበት በፈረንጅ ፊደል ነው፣ ባለሱቁን መጠየቅ ደግሞ አልወደድኩም። አንቺ ማታ አቡክተሽ ጠዋት ትጋግሪ ስለነበር እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጠዋት ሊጡ እንደተኛ ነው። ጋገርኩት፣ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ሌላ ቀን ቡናማ ፍሬ ፍሬ ያለውን ገዛሁ፤ ብርድ ነው ብዬ በፈላ ውሃ በጠበጥኩት። እሱም ኩፍ አላለም።

ደጃፍ የጣልኩትን ውሻ አሽትቶ ሲተወው ጎረቤታችን ከድጃ አየች። «ጋሼ፣ ለፎቁ ሠራተኞች ይስጧቸው እንጂ፣ ብሎኬት ይሆናቸዋል» አለች። ስቃ ስቃ ሲወጣላት አስረዳችኝ። ነጩ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይነሳል፣ ቶሎ እሳት ላይ ካልወጣ ትንፋሹ ያልቃል፣ ማደር አይሆንለትም። ሶዳ የሚሉት ደግሞ እርጎ ወይ ሎሚ ካላገኘ አይሠራም፣ ዳቦውንም ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል። ቡናማው እርሾ ነው፤ እሱ ነፍስ አለው አለች። ለብ ያለ ውሃና ጊዜ ይፈልጋል፣ የፈላ ከነካው ይሞታል፣ ከበረደው ይተኛል። ወደ በሩ እያየሁ ነው የሰማኋት፣ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ያኔ ገባኝ። በክረምት ሳፋውን በጋቢ ጠቅልለሽ መሐላችን አልጋ ላይ ታስቀምጪው ነበር። ሊጥ አልጋ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ሳጉረመርም «ካንተ ይልቅ እሱ ውለታ ያውቃል» ትዪኝ ነበር።

ለቡሄ ዋዜማ ሊጡን በለብ ያለ ውሃ አቡክቼ እንዳንቺ ጠቀለልኩትና በአንቺ በኩል አስተኛሁት። ሲነጋ ዓይኔን ሳልገልጥ እጄን ብዘረጋ ተነፍቶ የሞቀ ነገር ነካሁ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ጽጌ መጥታ ቀመሰች። አላመጠች፣ ሌላ ቆረሰች። «እሺ አባባ፣ አሸነፍከኝ» አለችና ዝናቡ ሳይይዘኝ ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቴል አንስታ አታውቅም። ብዙም አትመጣም።

ቤቱ ቀረልኝ። ዳቦውም ቀረልኝ። ያንን ሁሉ ማን ይበላዋል? ለከድጃ ቤት ግማሹን ላክሁ፣ የቀረው ከኔ ጋር ሰንብቶ ሻገተ። «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው እኮ ትንሽ ዱቄት ይበቃል፣ ልክ ላሳይዎት» ብትለኝ ተቆጣኋት። ያንን ልክ አንቺ አላሳየሽኝም፣ ከሌላ ሰውም አልማረውም።

ይሻግት። እጄ ሊጥ እስከያዘ ድረስ የአንቺን ድርሻ ጨምሬ አቦካለሁ፣ አስካለ።

ባልሽ