ገና ላልተወለደው ምክር ቤት ስለተቆለፈው የስፌት ክፍላችን

ለተከበሩ አቶ ሞሲሳ
የአጎራባች ወረዳዎች የኢኮኖሚ ልማት ምክር ቤት መሥራች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የምታመላልስዎ መኪናም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከኡኬ ወረድ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የምኖር፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ጻፍኩልዎ።

ወረዳዎቻችን ገበያቸውንና መንገዳቸውን በጋራ እንዲያለሙ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ምክር ቤቱ ለሴቶች ልጆች ሥራ እንደሚፈጥር ሲናገሩ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ አጨብጭቤአለሁም። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ልጆች ስፌት የምንማርበት ክፍል ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤትነት ታጭቶ ተቆለፈ። የስፌት መኪናዎቹ ውስጥ ቀርተዋል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ለምትገባው ለታናሽ እህቴ ለኬኔ የጀመርኩት ዩኒፎርምም እዚያው ነው፤ የቀረው አንድ እጅጌ ብቻ ነበር። ሌላ ጨርቅ የለንም። ኬኔም ያለ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ በር ላይ ተቀምጣለች።

ቅሬታ ማለቱ ስለከበደኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የምክር ቤቱ መቀመጫ የት ይሁን በሚለው ላይ ኮሚቴዎ እስካሁን ስላልተስማማ፣ የቢላ ከተማ ሰዎች ለእኛ ይገባል ይላሉ፣ የአርጆ ሰዎች ለእኛ ይላሉ፣ የእኛም ከተማ ከማን አንሼ ትላለች። እንግዳው የማን ቤት እንደሚያርፍ ባይታወቅም ሁሉም ቤቱን አሰናድቶ መጠበቅ ደንባችን ነውና፣ ሦስቱም ከተሞች ደህና ደህናውን ክፍል አስለቅቀው ቆልፈዋል። ምክር ቤቱ ሳይወለድ ባለ ሦስት ቤት ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት። እኛ የነበረን አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱን መጋረጃ እንድንሰፋ ዕድል ስለሰጡን እናመሰግናለን። አስተማሪያችን ወይዘሮ የሺአረግ «መጀመሪያ እንግዳ ይስተናገድ» ስላሉን፣ የኬኔን ዩኒፎርም አስቀምጬ መጋረጃውን ሰፋሁ። በጣም አምሯል። አሁን በመስኮት ወደ ውስጥ ለማየት ስንሞክር የሚታየን እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልፉን የያዙት ዘበኛው ኦቦ ቶላ ናቸው። ልለምናቸው ስሄድ የመጣሁበትን ራሳቸው አወቁልኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብከፍትልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ምክር ቤቱ ይቆጣኛል» አሉኝ። የሌለ ምክር ቤት እንዴት ይቆጣል ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ቀጥለው «እኔም እኮ አላየሁትም፤ ወንበሩን እየወለወልኩ እጠብቀዋለሁ» ሲሉኝ፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሳዘኑኝና ተመለስኩ።

ክፍሉ ይመለስልን አልልዎትም፤ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ በሩ ተከፍቶልኝ ያቺን እጅጌ ገጥሜ እንድወጣ ቢፈቅዱልኝ፣ ወንበሮቹን ሳልነካ፣ መጋረጃውንም ሳላዛንፍ እንደምወጣ ቃል እገባለሁ።

ምክር ቤቱ ተቋቁሞ ለማየት እግዚአብሔር ለሁላችንም ዕድሜ እንዲሰጠን፣ በተለይም ረጅሙን ለእኛ እንዲያደርግልን እየጸለይኩ፣ በሚቀጥለው ስብሰባዎም ከኋላ ተቀምጬ ለማጨብጨብ ዝግጁ የሆንኩ ታዛዥዎ፣

ሊሊሴ

ማስታወሻ፦ ኬኔ በዚህ ክረምት በጣም ስለረዘመች ዩኒፎርሙ የሚበቃት አይመስለኝም። ነገር ግን እናታችን ባለፈው ወር ሌላ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ለእሷ ይደርሳል። ስለዚህ ስለ እኛ ብለው እንዳይቸኩሉ አደራ።